«ቦቶክስ ይሻለኛል ወይስ ፊለር?» ከሰርግ በፊት ለመጣች ወረቀት የተሰጠ መልስ



ፋሲሎ በማገለግልበት መስጂድ ከመግሪብ በኋላ ደርስ አለ። በደርሱ ላይ የሚነሱ ጥያቄዎችን ሰብስቦ ለሸኻችን ማቅረብ የእኔ ሥራ ነው። ከሴቶች በኩል የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በወረቀት ተጽፎ በልጅ እጅ ይላካል። ሰሞኑን አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ደረሰችኝ። እንዲህ ትላለች፦ «ሰርጌ ከረመዳን በኋላ ነው። ግንባሬ ላይና ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ መስመር አለብኝ። ቦቶክስ ይሻለኛል ወይስ ፊለር?»

ልብ በሉ! እህታችን «ይፈቀዳል ወይ?» አላለችም፤ «የቱ ይሻላል?» ነው ያለችው። መወሰኑን ጨርሳ የቀራት ምርጫው ብቻ ነው ማለት ነው። ወረቀቷን ለሸኻችን ሳነብላቸው «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ። እኔም በቅጡ ማስረዳት አቃተኝ። «የማናውቀውን ነገር ሐላል ነው ሐራም ነው ማለት አማና ማጉደል ነው። ሂድና ከሚያውቁት ጠይቀህ ና» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ጠይቄና አንብቤ የደረስኩበት ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ።

ከዓመት በፊት ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት እህት ከእናቷ ጋር ሩቅያ እንዲቀራላት ወደ መስጂድ መጣች። ሻሿን ከጉንጯ ሸሸት ስታደርገው ቀኝ ጉንጯ አብጧል፤ ከቆዳው ሥር የጠጠረ ነገር አለ። እናቷ «ዐይን ነው፤ ቀንተውባት ነው» አሉ። እኔም ቀራሁላት። ለሦስት ሳምንት ተመላለሱ፤ እብጠቱ ግን ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። አንድ ቀን እናቷ ውዱእ ሊያደርጉ ሲወጡ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ ተወግቼ ነበር» አለችኝ። ዓረብ አገር ሳለች በጓደኛዋ ቤት፣ መድኃኒት በቦርሳ ይዛ በምትዞር ሴት እጅ ነው የተወጋችው።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «የተወጋሽው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። «ፊለር ነው ያሉኝ» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም። ስሙን አታውቅም፤ ካርቶኑን አላየችም። ሕክምናው ወራት ፈጀ፤ አልሐምዱሊላህ ብትድንም ጉንጯ ላይ ምልክት ቀርቷል።

«ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ብዬ ጠየቅኳት። «አንድ ደርስ ላይ ፊቷን የምታስወጋ ሁሉ የተረገመች ናት ሲባል ሰምቼ ፈራሁ» አለችኝ። ያንን ደርስ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ሳልለይ፣ ሳልጠይቅ፣ በአንድ ቃል ሁሉን ጠቅልዬ ተናግሬ አለፍኩ። እሷ ግን ያንን ቃል ይዛ ሦስት ሳምንት በሕመም ተቀመጠች። አላህ ይማረኝ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ቃል አልመልስም።

ሁለቱ አንድ አይደሉም

ቦቶክስ የንግድ ስም ነው። ውስጡ ያለው ቦቱሊነም የሚባል፣ ከባክቴሪያ የሚገኝ መርዝ ነው። በአግባቡ ሳይዘጋጅ ታሽጎ በቆየ ምግብ ውስጥ ተፈጥሮ ሰው የሚገድለው ያው መርዝ ነው። በሐኪም እጅ እጅግ በጥቂቱ ተመጥኖ ጡንቻ ውስጥ ሲወጋ ግን ነርቩ ለጡንቻው የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል። ጡንቻው ሲዝል በላዩ ያለው ቆዳ መጨማደዱን ያቆማል። ስለዚህ የሚሠራው ስንኮሳተር፣ ስንስቅና ቅንድባችንን ስናነሳ ለሚወጡ መስመሮች ነው፤ ለግንባር፣ በቅንድቦች መካከልና ለዓይን ዳር ማለት ነው። ኃይሉ የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ወር ያህል ነው። ከዚያ እንደገና መወጋት ነው።

ይህ መድኃኒት ሲጀመር ለውበት አልነበረም። አለን ስኮት የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም ዓይናቸው ለተንሸዋረረ ሰዎች መፍትሔ ሲፈልግ ያመጣው ሕክምና ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1989 የተፈቀደውም ለዓይን መንሸዋረርና ያለ ፈቃድ ለሚጨመቅ የዓይን ቆብ ነበር። በቅንድቦች መካከል ላለ መጨማደድ የተፈቀደው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2002 ነው።

ፊለር ደግሞ ስሙ እንደሚለው መሙያ ነው። ጡንቻ አያዝልም፤ የጎደለውን ቦታ ይሞላል። ከአፍንጫ ወደ አፍ ዳር ለሚወርደው መስመር፣ ለጉንጭና ለከንፈር የሚወጋው እሱ ነው። እንግዲህ በወረቀቷ ላይ የተጻፉት ሁለት ቦታዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ የሌላው ምትክ ስላልሆነ «የቱ ይሻላል?» ማለት ራስ ምታት ያለበትና እግሩ የተሰበረ ሰው በአንድ ክኒን እንደሚታከሙ ማሰብ ነው።

ፊለርም በራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ልዩነቱን አለማወቅ ነው ያችን እህት የጎዳት።

አንደኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። በተፈጥሮ በቆዳችን ውስጥ የሚገኝ፣ ውኃ የሚይዝ ነገር ነው። እንደ ዓይነቱና እንደ ቦታው ከ6 እስከ 18 ወር ገደማ ይቆያል። ትልቁ ጥቅሙ ችግር ከተፈጠረ ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መድኃኒት ማሟሟት መቻሉ ነው። ሁለተኛው ከካልሲየም ውህድ ወይም ፖሊላክቲክ አሲድ ከሚባል ነገር የሚሠራ ሲሆን ቆዳው ራሱ ኮላጅን እንዲያመርት ይቀሰቅሳል። ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ያ ማሟሟቻ ግን አይሠራለትም። ሦስተኛው እንደ ፈሳሽ ሲሊኮን ያለው ገብቶ የማይወጣው ነው። ፈሳሽ ሲሊኮን ከዓመታት በኋላ እንኳ ሊያብጥ፣ ሊጠጥርና ከቦታው ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ለማውጣት ቢላዋ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፊትን ለማሳመር እንዲወጋ አልፈቀደውም። በየቤቱ የሚዞረው ግን ርካሽ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ከእነዚህ ሌላ የራስን ደም ቀድቶ፣ አጣርቶ መልሶ ፊት ላይ መውጋት አለ። የሚያቀላ እየተባለ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚሸጠው የግሉታታዮን መርፌም አለ። ቆዳ ለማቅላት ያ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ያጸደቀው አንድም መርፌ የለም። ደግሞስ የቢላል አገር ልጆች ሆነን በጥቁረታችን የምናፍረው ከየት ያመጣነው ነው?

ሸሪዓው የሚለየው ነገር አለ

ዲናችን ውበትን አይጠላም። አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። እናቶቻችን ከድሮ ጀምሮ ኩል ይኳላሉ፤ ሂናና እንሶስላ ይሞቃሉ፤ ወይባ ይታጠናሉ። ማንም ሐራም አላላቸውም።

በሌላ በኩል የአላህን አፈጣጠር መለወጥ ሸይጧን ሰዎችን አዝበታለሁ ብሎ ከዛተባቸው ነገሮች አንዱ እንደሆነ በሱረቱ ኒሳእ 119ኛው አንቀጽ ላይ እናገኛለን። ለውበት ብለው ጥርሳቸውን የሚያስሞርዱና የሚነቀሱ ሴቶች የተወገዙበት ሐዲስም በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እኔ ያን ጊዜ የያዝኩት ይህንን ብቻ ነበር።

የዘነጋሁት የዐርፈጃን (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። በጦርነት አፍንጫው ተቆረጠና ከብር ሠርቶ አደረገ። ብሩ ሲሸትበት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠራ አዘዙት። ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ሆኖ ሳለ የጎደለን አካል ለመመለስ ሲሆን ተፈቀደ። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው ጉድለትን ወይም ሕመምን ማከምን፣ ደህና ሆኖ የተፈጠረውን ለስሜት ብሎ ከመለወጥ ለይተዋል።

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2007 ማሌዥያ ፑትራጃያ ላይ ተሰብስቦ በውበት ቀዶ ሕክምና ላይ ውሳኔ አሳልፏል። አብሮ የተፈጠረ ጉድለትን፣ በቃጠሎ፣ በአደጋና በበሽታ የመጣን ጉዳት ማስተካከል ፈቅዷል። የፊት መጨማደድን በቀዶ ጥገናም ሆነ በመርፌ ማስወገድ ግን አይፈቀድም፤ የበሽታ ሁኔታ ከሆነና ከጉዳት የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር ብሏል። የኢንዶኔዥያ ዑለማ ምክር ቤት በ2020 ባወጣው ፈትዋ ደግሞ ቦቶክስን በቅድመ ሁኔታዎች የተቀበለበት መንገድ አለ። የሐሳብ ልዩነት እንዳለ አልደብቅም። እኔ ግን ልቤ የሚያርፈው በአካዳሚው ውሳኔ ላይ ነው። በ25 ዓመት ግንባር ላይ ያለ መስመር በሽታ አይደለም፤ የሳቅና የሐሳብ ምልክት ነው።

የሚፈቀደውን ግን ጮክ ብለን እንናገር። ፊቷ በእሳት የተቃጠለ፣ በአደጋ የተሰነጠቀ፣ የፊቷ ግማሽ በሕመም የተጣመመ፣ የዓይን ቆቧ ያለ ፈቃዷ የሚጨመቅ እህት መታከሟ ኃጢአት አይደለም። ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባለው መርፌ በአሜሪካ በ2004 ሲጸድቅ እንኳ ለሙሽራ አልነበረም፤ ከኤች አይ ቪ ጋር በተያያዘ ጉንጫቸው ለጎደጎደ ሰዎች ነው። በአገራችንም በቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ምክንያት ፊታቸው የሟሸሸና ሰው እንዳያየን ብለው ከጀማዓ የራቁ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው «የተረገምክ» ማለት ዱልም ነው።

ብልቃጡ ውስጥ ምን አለ? እጁስ የማን ነው?

ሙስሊም ሥጋ ሲገዛ «ማን ነው ያረደው?» ብሎ ይጠይቃል። ፊቱ ውስጥ የሚቀር ነገር ሲሆን ግን ዝም ይላል። ኮላጅን ፊለር ከከብት ቆዳ ይሠራል፤ ከአሳማ የተሠራም ገበያ ላይ ውሎ ያውቃል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ድሮ ከዶሮ ኩክኒ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛው በባክቴሪያ ይመረታል። ቦቶክስ ውስጥ ከሰው ደም የሚገኝ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን አለ። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት በ2006 ቦቶክስን ሲከለክል ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ የተከለከሉ ነገሮች ሊኖሩበት ይችላሉ የሚለው ነበር። ለሕክምና የሚታዘዝለት ሰው እንኳ ይህንን ሐኪሙን ቢጠይቅ መብቱ ነው።

የእጁ ጉዳይ ደግሞ የነፍስ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሐሰተኛ ወይም በአግባቡ ያልተያዘ ቦቶክስ የተወጉ 22 ሰዎች በ11 ግዛቶች መጎዳታቸውን አስታውቋል፤ ግማሾቹ ሆስፒታል ገብተዋል። በዚያው ወር ይኸው ማዕከል ሌላም ነገር ይፋ አደረገ። በኒው ሜክሲኮ ፈቃድ በሌለው የውበት ቤት የራሳቸውን ደም ፊታቸው ላይ ያስወጉ ሴቶች ኤች አይ ቪ እንደያዛቸው ተረጋገጠ። ቁጥጥር በጠነከረበት አገር እንዲህ ከሆነ በእኛ አገር በሻንጣ የመጣው እንዴት ይሆናል? ቦቶክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ከዱባይ በሻንጣ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥቶ፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት ያደረ ብልቃጥ መድኃኒት ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። መድኃኒት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የማያውቀውን ብልቃጥ፣ የሙያ ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ካልተሰቀለ ሰው እጅ አትቀበሉ።

አሁን የምለውን በር መክፈት አድርጋችሁ አትውሰዱብኝ። ይህንን ሁሉ ሰምታ ወይም ከሌላ ዓሊም ፈትዋ ይዛ የምትሄድ እህት እንደምትኖር አውቃለሁ። እሷም እህታችን ናት፤ አካሏም አማና ነው። ስለዚህ ይህንን ትያዝ፦ የሕክምና ዶክተር ካልሆነ ሰው አትወጊ። ካርቶኑን አይተሽ ስሙንና የመለያ ቁጥሩን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። የማይሟሟና የማይወጣ ነገር አታስገቢ። ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ከሆንሽ ተዪው። ፊለር ከተወጋሽ በኋላ ቆዳሽ ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ መርፌው የደም ሥር ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ፤ ዘግይቶ ዓይነ ስውር ያደረገበት ጊዜ አለ። ከቦቶክስ በኋላ በቀናት ውስጥ መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ካስቸገረሽም እንዲሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ። ሩቅያውን እንቀራልሻለን፤ ግን መጀመሪያ ወደ ሐኪም ሂጂ። እውነቱንም ንገሪው።

ለወንድሞቼም አለኝ

ሴቶቹን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ወንድሜ፣ ለመሆኑ እህትህን ወደ መርፌ የገፋት ማን ነው? ቀኑን ሙሉ በስልክህ የተስተካከለ ፊት እያየህ ውለህ ማታ ሚስትህን «ፊትሽ ምን ሆኗል?» የምትል አንተ ነህ። ያየኸው ፊት በፊልተር የተሠራ ነው፤ ባለቤቷ ራሷ የላትም። ዓይንህን ሰበር ማድረግ የታዘዝከው ለዚህም ጭምር ነው። ሴቶቻችን ሠርተው በሚኖሩባት ቤይሩት እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ባንክ ለውበት ቀዶ ሕክምና ብድር ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ፊት በወለድ እስከሚታደስ ድረስ የደረሰ ገበያ ነው። የየ4 ወሩ መርፌም ማለቂያ የሌለው ወጪ ነው፤ የትዳር መነሻ የሚሆን ገንዘብ በዚያ ያልቃል።

ፊትን የሚያስረጀው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ የጣና ዳር ፀሐይ ቀላል አይደለም። የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ጥላ፣ በቂ እንቅልፍ፣ ከሲጋራና ከሺሻ መራቅ ለቆዳ የሚያደርጉትን መርፌ አያደርገውም። ለዚህ ፈትዋም አያስፈልግም።

ያጠናሁትን ለሸኻችን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጅቷ ታጭታለች አይደል?» አሉ። «አዎ» አልኳቸው። «እንግዲያው ሰውየው በሸሪዓው መሠረት አይቷታል። አይቶ ነው ሽማግሌ የላከው። የወደደው ያየውን ፊት ነው። በሰርጉ ቀን ሌላ ፊት ይዛ ለምን ትጠብቀዋለች? ይህንን ጻፍላት» አሉኝ።

ጻፍኩላት። ከሥር ደግሞ የራሴን ጨመርኩ፦ «እህቴ፣ መስመሩ በሽታ ነው ብለሽ ከሰጋሽ የቆዳ ሐኪም ይይልሽ፤ በዚህ ምንም ነውር የለበትም። ከዚህ በፊት የተወጋሽው ነገር ካለም ሳትፈሪ ንገሪን፤ አንረግምሽም።» ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፌ ላመጣልኝ ልጅ መለስኩለት።

እናንተም ከዚህ በፊት በእኔ ንግግር ፈርታችሁ ሕመማችሁን የደበቃችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ። አላህ ያማረ አኽላቅ፣ ጤናማ አካልና በሰጠን የሚብቃቃ ልብ ይስጠን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።